የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የመስታወት ፎቅስ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ወይም ቢሮ የተከራየ የሀገር ልጅ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚባለውን ነገር ከአከራዩ አፍ ሳይሰማ አልቀረም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2006 የአረንጓዴ ሕንፃ ሕግ አወጣች፤ በ2018ቱ ሕጓ ደግሞ ኃይል የሚያባክኑ ነባር ትልልቅ ሕንፃዎችን «ፍጆታችሁን ቀንሱ» አለች። ኒውዮርክም በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ ከ25,000 ካሬ ጫማ በላይ የሆኑ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ከተፈቀደላቸው በላይ በሚለቁት በእያንዳንዱ ቶን የካርቦን ጋዝ ላይ 268 ዶላር ቅጣት ቆረጠች።

የሚያሳዝነው፣ እዚህ በሕግና በቅጣት እየተገራ ያለው የሕንፃ ዓይነት አዲስ አበባ ላይ የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በስደት ላብ በተጠራቀመ ገንዘብ አክሲዮን ይገዛል፤ በአክሲዮኑም ከእግር እስከ ራሱ መስታወት የለበሰ የገበያ ማዕከል ይቆማል።

ለመሆኑ አዲስ አበባ ምን ጎደላትና ነው? ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ቀኗ ለዘብ ያለ፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። እግዜር ያለ ክፍያ የገጠመላት ኤር ኮንዲሽነር አላት። መስኮት መክፈት በሚበቃበት ቦታ የማይከፈት መስታወት ይለጠፋል። መስታወት ፀሐይን ያስገባል እንጂ ሙቀቱን መልሶ በቀላሉ አያስወጣም፤ በተለይ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ፎቅ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ በውጭ ምንዛሪ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ናፍጣውም በውጭ ምንዛሪ። ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጨርቅ በምትሸጠው ተከራይ ላይ ነው።

«የኢትዮጵያ መብራት ከግድብ ነው፣ ጭስ የለውም፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የኤሌክትሪክ ኃይል ከውሃ ይመነጫል። ጄኔሬተሩ ግን ውሃ አይጠጣም! ደግሞስ በማገዶ የሚጨናበስ ገጠር እያለ፣ ሳያስፈልግ የሞቀን ሱቅ ለማቀዝቀዝ የግድብ ኃይል ማፍሰስ ምን ይባላል?

ቅንጦት አለመሆኑን ሐራሬ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያ የተከፈተው ኢስትጌት የተባለው የቢሮና የሱቅ ሕንፃ የተለመደው ዓይነት ማቀዝቀዣ የለውም። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር ወለሎቹ ውስጥ በተተዉ ክፍተቶች ያስገባሉ፤ ወፍራሙ ኮንክሪት ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል፤ ቀን የሞቀው አየር በረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ሽቅብ ይወጣል። መስኮቶቹም ከፀሐይ የተከለሉ ናቸው። ሐራሬ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ከተማ መሆኗ አይረሳ።

የምስክር ወረቀቱም ዓይነት ብዙ ነው። የአሜሪካኖቹ ሊድ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ፤ በነጥብ የሚሠራ ስለሆነ ለብስክሌት ማቆሚያ ጭምር ነጥብ ይሰጣል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለታዳጊ አገሮች ብሎ ያዘጋጀው ኤጅ ቀለል ይላል፤ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃዎቹ ረገድ 20 በመቶ መቀነስን ይጠይቃል። ደጃፍ ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ቢቀር እንኳ ሥራው አይቅር።

ውሃውን ብቻ እንይ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ሕንፃ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ክረምት ወደ ቦይ ለቅቆ በጋ ላይ በቦቴ ውሃ መግዛት!

ታዲያ አክሲዮን የገዛ ወገን ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ይጠይቅ። የሕንፃው ረጅም ጎን የሚያየው ወደ ሰሜንና ደቡብ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ? ፀሐይ በአናት በምታልፍበት አገር ለሰሜንና ለደቡብ መስኮት አጭር ክፈፍ ይበቃል፤ ተሠርቶለታል? መስኮቱ ይከፈታል? የክረምቱ ውሃ የት ይገባል? ጄኔሬተሩ በወር ስንት ሊትር ናፍጣ ይበላል ተብሎ ተሰልቷል? እስካሁን ለብዙው ባለአክሲዮን የሚላክለት፣ ሰማይ የሚያንጸባርቅበት ባለቀለም ሥዕል ብቻ ነው።