ዝንባሌን ፍለጋ ሩቅ መሄድ ያስፈልጋልን?

በየዓመቱ ወደ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል የሚመደቡ አዳዲስ ተማሪዎችን «ይህን ትምህርት የመረጣችሁት በፍላጎታችሁ ነው ወይ?» ብለን ስንጠይቅ እጃቸውን የሚያወጡት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ሌላ ሞልተው ፊዚክስ የደረሳቸው ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ግድም የመጣው የሰባ ሠላሳ የቅበላ መርሕ ብዙ ወጣቶችን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ካዞረ ወዲህ እንዲህ ያለው ምደባ ለጆሯችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። እንግዲህ እነዚህ ልጆች «ዝንባሌህን ተከተል» የሚለውን ምክር በየመጽሐፉና በየመድረኩ ሲሰሙ ምን ይሰማቸው ይሆን? ምክሩ የታሰበው ምርጫ ላለው ሰው ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚመጡት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፤ «እኛ የገጠር ልጆች ነን፤ ቤተ ሙከራ ሳናይ ነው ያደግነው፤ ዝንባሌ ከየት ይምጣልን?» ይላሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልንሞግተው የወደድነው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። በእኛ እምነት ዝንባሌ ማለት እንደ ጠፋ በሬ አገር ለአገር ተዙሮ የሚገኝ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው በየዕለቱ ከምናያቸው ነገሮች አንዱን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱን እስክናገኝ ድረስ አልለቅም ስንል ነው።

እስቲ ከጉልቻው ላይ ያለውን ድስት እንመልከት። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች (ስሟ ራሱ የአየር ጠባይ ጥናት ውጤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም)። በዚያ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ውኃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል በመሆኑ፣ ጫናው ሲቀንስ ነጥበ ፍሌቱም ይወርዳል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በመጽሐፍ 100 ዲግሪ ብለን የምናስተምረው ውኃ ንፋስ መውጫ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጉና ተራራ አናት ከ87 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ብንወርድ ደግሞ ወደ 95 ዲግሪ ይመለሳል።

ባቄላውን የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ መንተክተኩ አይደለም። የኬሚስትሪ ሰዎች እንደሚያስተምሩን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ብዙ የኬሚካል ለውጦች ፍጥነታቸው በግማሽ ያህል ይወርዳል። እንግዲያው ያው ባቄላ፣ በዚያው ድስት፣ በንፋስ መውጫ ንፍሮ ለመሆን ከበሽሎ ዳር ይልቅ ጥሩ ጊዜ መውሰዱ የግድ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የተዳረች ሙሽራ ይህን ከማናችንም የፊዚክስ መምህራን ቀድማ ሳትደርስበት አትቀርም፤ አማቷ «ምነው ሳይበስል አወጣሽው?» ባለቻት ጊዜ።

ይህ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1848 አገራችንን እየዞረ ካርታዋን ለመሥራት ሲደክም፣ የቦታዎችን ከፍታ ከለካባቸው መንገዶች አንዱ ውኃ አፍልቶ በቴርሞሜትር ሙቀቱን ማንበብ ነበር። ያፈላው ውኃ እናቶቻችን ያፈሉት ውኃ ነው። እርሱ ቁጥሩን ጻፈው፤ እኛ ንፍሮውን ጠበቅን።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። «ይህ የጠገበ ሰው ወግ ነው፤ ማገዶ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ ሴት ነጥበ ፍሌት ምኗ ነው?» የሚል። ተቃውሞው እውነት አለው። ፊዚክስ ስላገኘንበት ብቻ ድካሙ ውብ አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄው ተገፍቶ ከሄደ ዞሮ ወደ እርሷው ይመጣል። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ ማገዶ ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ ውኃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ። ስለዚህ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ፣ ድስቱን መክደን፣ ባቄላውን ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ እያንዳንዳቸው የሸክም እንጨት ይቆጥባሉ። ምን ያህል? ይህን የእስቴን ወይም የታች ጋይንትን ምድጃ ለክቶ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም የሚያስፈልገው እኩል ባቄላ፣ እኩል እንጨት፣ አንዱ ክዳን ያለው አንዱ የሌለው ሁለት ድስት፣ ሰዓት የሚያሳይ ስልክና አንድ ደብተር ነው። ያንን ደብተር የያዘ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ከእኛ ክፍል ምረቃውን ብቻ ከሚጠብቅ ተማሪ ይልቅ ወደ ሳይንስ የቀረበ ነው ብለን እንፈርዳለን።

ከድስቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ዓድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ እንድትጨምርላቸው ለመኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። እንዶድ ለእኛ ከጥንት ጀምሮ ሳሙናችን ነው፤ ያንን አረፋ ስንቱ ሰው እየተሻገረ አልፏል! እርሳቸው ግን ቆሙ። ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት የፈጀ ሥራ ተከተለ፤ ቅመማ፣ ሙከራ፣ ክርክር፣ ጥርጣሬን መቋቋም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የምርምር ተቋም በስማቸው ይጠራል። ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ የሚያስታውሱት ሽልማቱን ነው። እኛ ግን ይበልጥ የሚያስገርመን በመካከል ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ዝንባሌ የሚፈተነው አሰልቺ በሆነው ሥራ ነውና።

ያንኑ የእጥበት ውኃ ሌላ ሰው ሌላ ነገር አይታበታለች። አግነስ ፖከልስ የተባለች ጀርመናዊት በወጣትነቷ ዘመን በአገሯ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ዝግ ስለነበሩ ቤት ውላ የታመሙ ወላጆቿን ታስታምምና ዕቃ ታጥብ ነበር። ቅባትና ሳሙና የውኃውን ገጽ እንዴት እንደሚለውጡት ልብ አለች። የውኃ ገጽ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ሳሙና ውጥረቱን ያላላዋል፤ እንዶድም የሚያጥበው በዚሁ ጠባይ ነው። ይህን ውጥረት የምትለካበት መሣሪያ ራሷ ሠራች፤ ለዓመታትም መዘገበች። በመጨረሻ ውጤቷን ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ጻፈች፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1891 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዲታተም አደረገ። ከአንድ የአረፋ ውኃ አንዱ የሕክምና ጥያቄ፣ ሌላዋ የፊዚክስ ጥያቄ አወጡ። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን «ዝንባሌህ የትኛው ትምህርት ክፍል ነው?» ከማለት ይልቅ «አረፋውን ስታይ ምኑ ያሳስብሃል?» ብንላቸው ይሻላል ባይ ነን።

ስለ ጉና ጅብራ ብዙ ማለት በቻልን ነበር። በውርጭ ሌሊት ቅጠሎቹን ሰብስቦ የመሐሉን እምቡጥ እንደሚሸፍን፣ ዘመኑን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት። እርሱን ለባዮሎጂ ባልደረቦቻችን እንተወው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ነገሩ ከምድብ ምርጫ ያለፈ ስለሆነ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። መጽሐፉን ታቅፎ በቤቱ የቀረ ወጣት ብዙ ነው። ለእርሱ «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዝንባሌህን ታገኘዋለህ» ማለት በር ዘግቶ ግባ እንደማለት ነው። ትምህርት ቤትን የሚተካ ነገር አለ አንልም፤ የለም። የተዘጋውም መከፈት አለበት። እስከዚያው ግን ደብተሩ ባዶ ሆኖ መቆየት የለበትም፤ አግነስ ፖከልስም የጠበቀችው በር ሳይከፈትላት ነው የሠራችው።

ስለዚህ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከንፋስ መውጫና ከዙሪያቸው ላላችሁ አንባብያን አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በቤታችሁ ባቄላ በሚቀቀልበት ቀን ከፈላበት ደቂቃ እስከ በሰለበት ደቂቃ ያለውን ጊዜ መዝግቡ፤ አንድ ቀን በክዳን፣ ሌላ ቀን ያለ ክዳን። የመንደራችሁን ስም፣ ከፍታውን ካወቃችሁ ከፍታውን፣ ባቄላው መዘፍዘፍ አለመዘፍዘፉን ጨምሩበት። በስሎ እንደሆነ የምትወስነው ግን እናታችሁ ትሁን፤ ከእርሷ የተሻለ መለኪያ የለንም። የላካችሁልንን በሚቀጥሉት እትሞች ከየከፍታው ጋር አስተያይተን እናወጣዋለን።