«ተቃጠለ» ከመባሉ በፊት

አዲሱ ገበያ አካባቢ ካሉት ትናንሽ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። የሲፒዩው ፋን ይሽከረከራል፤ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ጨለመ። ለወረዳ ማመልከቻ የሚያስጽፉ ሦስት ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የቤቱ ባለቤት የስክሪኑን ጠርዝ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችና «በቃ፣ ተቃጠለ» አለች።

አልተቃጠለም ነበር።

ያንን ጽሑፍ ያወጣው ራሱ ሞኒተሩ ነው። ጽሑፍ ለማውጣት ደግሞ ኃይል የሚሰጠው ቦርድም፣ ከጀርባ የሚያበራው መብራትም፣ ምስሉን የሚሠራው ፓኔልም ደህና መሆን አለባቸው። መልእክቱ «እኔ አለሁ፤ ከሲፒዩው በኩል ግን የደረሰኝ ነገር የለም» እንደማለት ነው። ጤነኛ ሞኒተር ያለ ጥፋቱ ጥፋተኛ የሚባለው፣ አንዳንዴም አዲስ የሚገዛበት፣ እዚህች ቦታ ላይ ነው። ያሳዝናል፤ በቀን ገቢ ለምትተዳደር ጽሕፈት ቤት የአንድ ሞኒተር ዋጋ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በዚያ ቤት ችግሩ የተገኘው ጠረጴዛው ሥር ነው። መብራት ሲሄድ ማከፋፈያውን ለመንቀል የገባችው ረዳት ሞኒተሩን ከሲፒዩው የሚያገናኘውን ኬብል በትከሻዋ ገፍታው ኖሯል። ኬብሉ ቪጂኤ የሚባለው ነው፤ አይቢኤም በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ዓይነት ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ አለ። የኬብሉ ጫፍ በሦስት ረድፍ የተሰለፉ ቀጫጭን ፒኖች ሲኖሩት፣ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኖች ካልጠበቁ በትንሽ ንክኪ ይወጣል። ተመልሶ ገባ፣ ብሎኖቹ ጠበቁ፣ ምስሉ መጣ። የመጀመሪያው ማመልከቻ ታትሞ ሲወጣ ወረዳው ለምሳ እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀር ነበር።

ከእነዚያ ፒኖች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለምን ይሸከማሉ። ስክሪኑ በድንገት ቢጫ ከሆነ የሰማያዊው፣ ወይን ጠጅ ከሆነ የአረንጓዴው መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። ኬብሉን ነቅሎ ፒኖቹን በብርሃን ማየት ነው፤ የተጣመመውን በወረንጦ ቀስ ብሎ ማቃናት ይቻላል። ኬብሉ ደህና ሆኖ ስክሪኑ ከጨለመና ሲፒዩው እየደጋገመ «ጢጥ» ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሙ ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማ ጠርዙን በላጲስ ጠርጎ መመለስ የሠፈር ጠጋኞች የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይሠራልም።

ሞኒተሩ ራሱ የሚታመምበትም ጊዜ አለ። ኃይሉ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ የስልክ ባትሪ አብርቶ በጎን ማየት ነው። ጽሑፉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ፓኔሉ ይሠራል፤ የሞተው ከጀርባው ያለው መብራት ነው። እንጦጦ ግርጌ ባሉት ሠፈሮች ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ሞኒተር በዚያ ሰዓት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ሲሞቅ ይስተካከላል። ይህ ያረጀ ካፓሲተር ጠባይ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ብርድ ያብስበታል። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይለያል፤ ዋጋውም ከሞኒተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይሁን እንጂ ባለቤቷ ሞኒተሩን ራሷ እንድትከፍት የሚመክር ሰው ተሳስቷል። ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ፓወር ቦርዱ ላይ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ሞኒተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ያንን ይዞ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ላይ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ባለሙያው ግን ደንበኛው ፊት ቢከፍት፣ የቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ቢመልስ ተገቢ ነው፤ ደንበኛውም ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።

በተለይ በክረምት፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ካፓሲተሩንም ፓወር ቦርዱንም ያተርፋል። ስታብላይዘር የገዛም ቢሆን መብረቅ ሲበዛ ቢነቅል ይበጀዋል።

ፓኔሉ ተሰንጥቆ ቀለም እንደፈሰሰበት ወረቀት የጠቆረ ሞኒተር ሌላ ነገር ነው፤ ፓኔል መቀየር ከአዲስ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ያም ቢሆን ለቆራሌው ከመስጠት ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይመረጣል፤ ፓወር ቦርዱ ለተመሳሳይ ሞዴል መለዋወጫ ይሆናል። ከጀርባ በቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ የሚበሩት የቆዩ ሞኒተሮች ደግሞ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መሰበር የለባቸውም።