የምግብ ቧንቧ ነቀርሳና ትንንሾቹ ቀዳዳዎች

አንባቢ ሆይ፣ በአገራችን በአርሲና በባሌ በርከት ብሎ የሚታየውና እህል ውሃ አላስወርድ የሚለው የምግብ ቧንቧ ነቀርሳ በኦፕራሲዮን ሲወጣ፣ ሐኪሙ ጨጓራን እንደ ቱቦ አበጅቶ፣ ወደ ደረት ስቦ በምትኩ ይሰፋዋል። በቀድሞው ሥርዓት ለዚህ ሆድም ደረትም ይከፈታል። ታዲያ ሕመምተኛው ቁስሉ እያመመው አጥልቆ መተንፈስና ማሳል ያቅተዋል፤ አክታውም ሳምባው ውስጥ ይቀርና ምች ያስከትላል።

ሁለቱንም በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እያዩ መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአውሮፓ በወጣ የ115 ሕመምተኞች ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳምባቸው የተመረዘው ከተከፈቱት ከመቶ 29፣ በቀዳዳ ከተሠራላቸው 9 ነበሩ።

ፈረንሳዮች ግን ሆዱን በቀዳዳ ሠርተው ደረቱን እንደ ቀድሞው ከፈቱ። በ2019 ባወጡት የ207 ሰዎች ውጤት ከባድ የሳምባ ችግር ከመቶ 30 ወደ 18 ወረደ። ደረት ተከፍቶም እንኳ! ሆድም ለትንፋሽ ይሠራልና ነው።

ሕመምተኞቹም የተቈጠረውም ችግር ስለሚለያዩ 9 ከ18 ይሻላል ብለው እንዳይፈርዱ። ለእኔ የፈረንሳዮቹ ይበልጣል፤ አስቸጋሪው ስፌት የሚሰፋው ደረት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ እዚያ በገዛ እጁ ይሠራል።