የሱፍ ሻርፕ ዘርፍ አሠራር

ከካፖርት ወይም ከጉርድ የተረፈ የሱፍ ቁራጭ በየቤታችን አይጠፋም። ርዝመት ካለው በመርፌና በክር ብቻ ባለ ዘርፍ ሻርፕ ይወጣዋል። እኛም ሞክረን የመጀመሪያው ተበላሸብን፤ ሳንሰፋ መዘዝን።

ጨርቁ ድርና ማጉ በዓይን የሚለይ፣ ላላ ብሎ የተሸመነ ይሁን። ፀጉሩ እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ ክሩ አይመዘዝምና አትድከሙ። የሻርፑን ርዝመት በድሩ በኩል አድርጉ፤ ረጃጅሞቹን ጎኖች አጥፋችሁ ስፉ። ጫፉን ግን በግምት አትቁረጡ። አንድ ማግ ከዳር እስከ ዳር ስባችሁ አውጡና የቀረውን ባዶ መስመር ተከትላችሁ ቁረጡ።

ከጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ደግሞ ሌላ ማግ ምዘዙ። ከዚህ መስመር ወዲህ፣ በሻርፑ በኩል፣ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ስፉ። ማጉ ወደ ውስጥ እንዳይተረተር የሚይዘው ይህ ስፌት ነው። እኛ «በኋላ ይደርሳል» ብለን ብናልፈው፣ ሻርፑ ገና ውኃ ሳይነካው ዘርፉ አራት ጣት ጨመረ!

አሁን ከጫፉ ጀምራችሁ ማጉን በመርፌ አንድ በአንድ አውጡ። ሁለት ሦስቱን ባንድ ላይ መጎተት ክሩን ያወሳስበዋል።

የቀረውን ድር እንደ ጋቢ ቋጩት፦ ሁለት እኩል ጭብጥ ክር ለየብቻ ወደ ቀኝ አክርሩ፤ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ግራ ጠምዝዙና ጫፉን ቋጥሩ። ሁለቱም ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ወዲያው ይፈታል። ጋቢ የምትቋጭ እናት በጎረቤት ካለች አጠገቧ ቁጭ በሉ፤ እጇን ማየት ከእኛ ጽሑፍ ይሻላል።

የመዘዛችሁትን ማግ አትጣሉት። ሻርፑ ሲቀደድ መጠገኛው እሱ ነው።