የትኛው ጓድ ይበልጥ ነበር? ስለ ኦርኬስትሮቻችን የነሐስ ነፊዎች

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ላደገ ሰው የነሐስ ድምፅ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ሰልፍን ሳይሆን እድርን ነው። ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል፤ ቀጥሎም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ዛሬ በአንዳንድ ሰፈር ድምፅ ማጉያ ቢተካውም ያ አንድ ረጅም ድምፅ ከብዙዎቻችን ጆሮ አልጠፋም። ሁለተኛው የነሐስ ድምፅ በበዓልና በምረቃ ቀን የምንሰማው የማርሽ ባንድ ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰው ለራሱ ትንፋሽ ብቻ ይጠነቀቃል፤ በሁለተኛው ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ መነሣትና በአንድ ትንፋሽ መቆም አለባቸው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ጥበብ ነው።

የቀድሞውን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ወይስ የምድር ጦር ኦርኬስትራ ይበልጥ ነበር? ክርክሩ እንደ ጨዋታ ቢታይም በእኔ እምነት በድኅረ ምረቃ ጥናት ደረጃ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። የሚጎድለው መልስ ሳይሆን መመዘኛ ነው። ተከራካሪዎቹ ኦርኬስትራ እያሉ በአብዛኛው የሚያወዳድሩት ድምፃውያንን ነው። ጥላሁን ገሠሠ በአንድ ወገን፣ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ በሌላ ወገን ይቆማሉ። ከኋላቸው ቆመው ይነፉ የነበሩት ሰዎች ግን በሚዛኑ ላይ አይወጡም።

ጥያቄው እንዴት በሌላ መንገድ ሊጠየቅ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካን ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የወጣቶች የከበሮና የነሐስ ጓዶች በየበጋው በስታዲየም ሜዳ ላይ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ይወዳደራሉ። በጓዶቹ ውስጥ ክላርኔትም ሳክስፎንም የለም፤ ያሉት የነሐስ መሣሪያዎች፣ ከበሮዎችና ባንዲራ ይዘው ትርኢት የሚያሳዩ ወጣቶች ናቸው። ዳኞቹ ለነሐስ ነፊዎቹ ብቻ የተለየ ነጥብ ይሰጣሉ፤ በዚህ ዘርፍ ለበለጠው ጓድ በጂም ኦት ስም የተሰየመ ሽልማት አለ። ተመልካቹ ስለ ብሉ ዴቪልስ ወይም ስለ ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ ሲከራከር ስለ አንድ ዘፋኝ ሊከራከር አይችልም፤ ዘፋኙ የዝግጅቱ ማዕከል አይደለምና። የሚከራከረው ስለ አነሣሥ አንድነት፣ ስለ ድምፅ ሚዛን፣ እየተራመዱ ትንፋሽን ስለ መጠበቅ ነው። ነጥብ መስጠቱን መኮረጅ አለብን አልልም። ጆሮን ወደ ነፊዎቹ ማዞሩን ግን መማር እንችላለን።

በእኛም አገር ቢሆን በኅብረት መንፋት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ሰልፍ ያጅቡ ነበር። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም፤ እያንዳንዱ ነፊ ከአንድ ወይም ከሁለት ድምፅ በላይ አያወጣም። ዜማው የሚገኘው ሦስት ሰዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ብቻ ነው። (በመሣሪያ አመዳደብ ረገድ እምቢልታ የዋሽንት ዘመድ ነው፤ በከንፈር ርግበት የሚነፋውና ለትራምፔት የሚቀርበው መለከት ነው።) ስለዚህ የራስን አንዲት ድምፅ በቦታዋ አስገብቶ ለባልንጀራ መልቀቅ የሚባለው ልምድ የአውሮፓ መሣሪያ ሳይመጣ በፊት ነበረ። አሜሪካዊው ጓድም ቢሆን የመነጨው ጥቂት ድምፆችን ብቻ ከሚያወጣው የወታደር ቢዩግል ነው።

የታሪኩ ቀጣይ ክፍል በሰፊው የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም። ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላስ የነሐስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። በ1927 ዓ.ም. ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሆለታ ስዊድናውያን መኰንኖች ያስተማሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እያንዳንዱ የጦርና የፖሊስ ክፍል የራሱን ሙዚቃ ክፍል አቋቋመ፤ ማርሽ የሚነፋው ጓድና በምሽት የሚዘፈንበት ኦርኬስትራም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ጀመር። እንግዲህ ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለፖሊስ ኦርኬስትራ የሚከራከሩ ሰዎች በመጀመሪያ የሚጠሩት ጌታቸው መኩሪያን ነው። ጌታቸው በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፖሊስ ገባ፤ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን በመንፋት ማንም ያልቀደመውን መንገድ ከፈተ። ታላቅነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሳክስፎን አካሉ ከነሐስ ቢሠራም የሚነፋው በመቃ ምላስ ስለሆነ ከክላርኔት ወገን ይቆጠራል። ከዚህ በላይ ደግሞ የጌታቸው ጥበብ የብቸኛ ፎካሪ ጥበብ ነው፤ ፎካሪ ሲፎክር ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በእርሱ የፖሊስን ነሐስ ነፊዎች መመዘን አንድን ማኅበር በሊቀ መንበሩ አንደበት እንደ መመዘን ነው።

የክቡር ዘበኛ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ ደግሞ ጥላሁን ነው፤ እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ልጅነቱን ያሳለፈባትን ወሊሶን እያነሣን በዚህ በኩል ትንሽ እንደምናደላ አልሸሽግም። (ወሊሶ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን መሆኗ ለዚህ ክርክር አያግድም።) እኔም ፍርዴ ወደ ክቡር ዘበኛ ያጋድላል፤ ምክንያቴ ግን ድምፃዊው አይደለም። በቀረጻዎቹ ላይ ነፊዎቹ የዘፋኙ ስንኝ ሲያበቃ የሚመልሱትን አጭር ምላሽ ያዳመጠ ሰው ትራምፔትና ትሮምቦኑ አንድ ዜማ ይዘው እንደሚነሡ፣ ጫፉንም በአንድነት እንደሚቆርጡት ያስተውላል። የደጋው ዘፈን በባህሉ በአንድ ዜማ ላይ የቆመ ስለሆነ ድምፆችን ደራርቦ ስሕተትን መሸፈን አይቻልም። በተለይ በአንቺሆዬ ቅኝት የዘፋኙ ጉሮሮ የሚያርፍባቸው ድምፆች በመሣሪያው ቁልፎች ከሚገኙት ጋር በትክክል አይገጥሙም፤ ነፊው በከንፈሩ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ አለበት። አንድ ሰው ይህን ማድረጉ ችሎታ ነው፤ በርካታ ሰዎች እኩል ማድረጋቸው ግን በየቀኑ አብሮ ከመንፋት በቀር በሌላ አይገኝም።

ይሁን እንጂ በራሴ ፍርድ ላይ ላቀርበው የሚገባ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ሽማግሌዎች ሲያመሰግኑ የምንሰማው ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ክቡር ዘበኛ ነው። በዚያ ወር የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የተመራው በክቡር ዘበኛ አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ስለነበር ከክሽፈቱ በኋላ ጦሩ ፈርሶ እንደገና ተደራጀ፤ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ነበር። እኛ ዛሬ የምንሰማቸው ሸክላዎች ግን የተቀረጹት በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በወጣውና ሙዚቃችንን ለዓለም ባስተዋወቀው በኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ ያሉት ቅጂዎች በብዛት የሚያተኩሩት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከተቀረጹት ብዙዎቹም የትላልቆቹ ጓዶች ሳይሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ነፊ ብቻ የያዙ የትንንሽ ባንዶች ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ የሚመሰገነው ጓድ አንድ፣ የሚደመጠው ጓድ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ማርሹማ ለገበያ የሚሆን ዘፋኝ ስላልነበረው በሸክላ ነጋዴዎች ዘንድ ብዙም አልተፈለገም። በአደባባይ እጅግ ብዙ ሰው የሰማው ሙዚቃ ለተመራማሪ እጅግ ጥቂት ማስረጃ የተረፈው ሙዚቃ ሆነ።

ስለዚህ የነሐስ ነፊዎቹን ክርክር ለመቀጠል የቀረን ዋና ምስክር ሰው ነው። በ1953 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ነፊ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ይኖራሉ ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ያሉትን የጡረተኞችና የእድር ማኅበራት መጠየቅ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ከአንድ ክረምት በላይ የሚወስድ ሥራ አይመስለኝም። ከአምቦ አቅራቢያ ከቦዳ የተገኘው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የጻፋቸውንና ያዘጋጃቸውን ተውኔቶች ዛሬም እንመረምራለን፤ በዚያው ቤት ትሮምቦን ይዘው የተቀመጡትን ሰዎች ግን የጠየቅናቸው ጥቂት ነው።

ቃለ መጠይቁ ሲደረግ «ከማን ጋር ሠርተዋል?» ከሚለው ጥያቄ ባይጀመር እመርጣለሁ፤ መልሱ ወዲያው ወደ ዘፋኞች ስም ይወስዳልና። የመጀመሪያው ጥያቄ በሰልፉ ከማን ቀጥሎ ይቆሙ እንደነበር ቢሆን ይሻላል። ቀጥሎ ኖታ ያነቡ እንደነበር ወይስ ዜማውን በቃል ይይዙ እንደነበር፣ አንቺሆዬ ሲመጣ ከንፈራቸውን ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ዳገት ላይ እየተራመዱ ማን መቼ ይተነፍስ እንደነበር ይጠየቅ። በቤታቸው የቀረ የኖታ ወረቀት ወይም አፈ ጡሩምባ ካለም ፎቶግራፉ ይነሣ፤ ድምፃቸውም አብሮ ይቀረጽ።