በአንድ ድምፅ የቆመ መብት

ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ዜግነት ወስዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያንም የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ዛሬ እንደገና አጸደቀው እየተባለ ነው። እንግዲህ ነገ ካህናቶቻችንን አጋቡ ሊሏቸው ነው?» አለኝ።

ሕግ የተማረ ዘመድ ጥቅሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ ምንም እንዳላጸደቀ፣ ካህናቱንም የሚያዛቸው እንደሌለ ነገርኩት። እሱ ተረጋግቶ ስልኩን ዘጋ፤ እኔ ግን ጉዳዩ አልወጣልኝም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። (ከዚህ በታች የአሜሪካን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሰኞ የሆነው ይህ ነው። ኪም ዴቪስ የምትባል የኬንታኪ ግዛት የካውንቲ ጸሐፊ በ2015 «እምነቴ አይፈቅድልኝም» ብላ የጋብቻ ፈቃድ መስጠት አቆመች። ዳኛ ቢያዛትም እምቢ በማለቷ ችሎት በመድፈር አምስት ቀን ታሰረች። ከሳሾቿም ከዓመታት በኋላ የ100 ሺሕ ዶላር ካሳ አስፈረዱባት። እሷ ከካሳው ነፃ ልሁን ብቻ አላለችም፤ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ የፈቀደው የ2015 ፍርድ ራሱ ይሻር ብላ ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድም ምክንያት ሳይጽፍ አቤቱታውን አላይም አለ። አላይም ማለት ደግሞ «የ2015ቱ ፍርድ ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ለዛሬ በሩ አልተከፈተም ማለት ብቻ ነው።

ለመሆኑ ያ ፍርድ ከየት መጣ? ታሪኩ የሚጀምረው ከአክስቴ ልጅ ቤት ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነው። በሐምሌ 2013 አንዲት የሕመምተኛ ማጓጓዣ አውሮፕላን ከኦሃዮ ተነሥታ ባልቲሞር አጠገብ ባለው የሜሪላንድ አውሮፕላን ማረፊያ አረፈች። በውስጧ ጆን አርተር የተባለ፣ ነርቭን በሚያደክም የማይድን በሽታ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰውና ጂም ኦበርገፌል የተባለ አጋሩ ነበሩ። የኦሃዮ መራጮች በ2004 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ እገዳ ስላስገቡ በአገራቸው መጋባት አይችሉም ነበር። የሜሪላንድ መራጮች ግን በ2012 በሕዝበ ውሳኔ ፈቅደው ነበር። ሁለቱ እዚያው አውሮፕላኗ ውስጥ ተጋብተው ወደ ኦሃዮ ተመለሱ። አርተር በጥቅምት ወር ሞተ። ጋብቻቸው ሦስት ወር ከምናምን ቀን ቆየ ማለት ነው።

ክርክሩ የተነሣው በሟቹ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ነው። ኦሃዮ «ያላገባ» ብላ ልትጽፍ፣ ኦበርገፌል ደግሞ «ያገባ፤ ባለቤቱም እኔ ነኝ» ተብሎ ይጻፍልኝ ብሎ ተካሰሱ። ገንዘብ አልጠየቀም። አባቶቻችን በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይሉ የለ? የሰውዬው ጭብጦ አንድ መስመር ጽሑፍ ነበረች።

ያቺ መስመር ከሌሎች ግዛቶች ከመጡ መዝገቦች ጋር ተጣምራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች። በሰኔ 26 ቀን 2015 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሁሉም የሰጠው ነፃነትና እኩል የሕግ ጥበቃ ለእነዚህም ሰዎች ጋብቻ ይደርሳል ተብሎ ተፈረደ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1972 ተመሳሳይ አቤቱታ ቀርቦለት ቁም ነገር ያለው የፌዴራል ጥያቄ አላገኘሁበትም ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የመለሰው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር እስከ አንድ ድምፅ ብልጫ 43 ዓመት ፈጀ።

ፍርዱን በወጣበት ሳምንት ሳነበው ልቤ ወደ ተቃወሙት ዳኞች አዘንብሎ እንደነበር አልደብቅም። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በልዩነት ሐሳባቸው ያሉት በአጭሩ፣ የፍርዱ ደጋፊዎች በውጤቱ ደስ ሊላቸው ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ስለዚህ ጉዳይ ያለው ነገር የለም፤ የሕዝብን ክርክር አምስት ሰዎች ሊዘጉት አይገባም የሚል ነው። ይህ ተራ ክርክር አይደለም። በ2004 አሥራ አንድ ግዛቶች በአንድ ቀን «አይሆንም» ብለው ነበር፤ ካሊፎርኒያም በ2008 በጠባብ ልዩነት ደገመችው። ከአራት ዓመት በኋላ ሜሪላንድ፣ ሜይንና ዋሽንግተን በድምፅ «ይሁን» አሉ። ሕዝቡ ሐሳቡን እየቀየረ ሳለ ለምን አይጠበቅም ነበር?

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የዚያ የሦስት ወር ጋብቻ ሒሳብ ነው። «ሕዝቡን ጠብቅ» የሚለው ምክር ዕድሜ ላለው ሰው ይሠራል። አርተር ዕድሜ አልነበረውም። ዳኛ ደግሞ ፊቱ የቆመን ባለጉዳይ «እውነትህን ነው፤ ግን ከሁለት ምርጫ በኋላ ተመለስ» ሊለው አይችልም። መንግሥት ከጋብቻ ጋር ውርስን፣ ግብርን፣ የሆስፒታል ውሳኔን ካሰረ፣ አንዱን ከዚያ ሲያስወጣ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም አለበት። ኦሃዮ ደግሞ እዚህ ላይ ያቀረበችው ምክንያት፣ ለእኔ እንደሚታየኝ፣ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም።

ይሁንና ሮበርትስ ስለ አንድ ነገር ትክክል ነበሩ። በአንድ ድምፅ የቆመ መብት በአንድ እግሩ የቆመ ሰው ነው። ሰኔ 2022 ላይ ፍርድ ቤቱ የ49 ዓመቱን የፅንስ ማቋረጥ መብት ሲሽር፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ለብቻቸው በጻፉት ሐሳብ የ2015ቱም ፍርድ እንደገና መታየት አለበት አሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኮንግረስ ሁለተኛ እግር የሚሆን ሕግ አወጣ። በሴኔት 61 ለ36 ነው የጸደቀው፤ ከደጋፊዎቹ 12ቱ ሪፐብሊካን ነበሩ። በአንድ ግዛት በሕግ የተፈጸመን ጋብቻ ሌሎቹ ግዛቶችና የፌዴራሉ መንግሥት እንዲቀበሉት ያስገድዳል። ማንም ግዛት ራሱ ፈቃድ እንዲሰጥ ግን አያስገድድም። የ2015ቱ ፍርድ ቢወድቅ እንደ ኦሃዮ ያሉ ግዛቶች የቀድሞ እገዳቸውን መልሰው ሥራ ላይ ሊያውሉ ይችላሉ፤ ያቺን የሞት ምስክር ወረቀት ግን መቀየር አይችሉም።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄም መልሱ እዚሁ ሕግ ውስጥ አለ። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና መሰል የሃይማኖት ድርጅቶች ጋብቻ እንዲፈጽሙ ወይም ለሥርዓቱ አገልግሎት እንዲሰጡ አይገደዱም ይላል። ካህኑን ሕጉ አልነካውም። ኪም ዴቪስ የተቀጣችው አማኝ ስለሆነች ሳይሆን፣ ማኅተሙ የመንግሥት ሆኖ ሳለ የራሷ ስላደረገችው ነው።

እዚህ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ጋብቻን የሚያነሣው በወንድና በሴት ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ደግሞ ድርጊቱን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። የእነሱ ክርክር እኛ ዘንድ አልተነሣም። ግን አንድ ነገሩ ይመለከተናል። እዚያ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ ብዙኃኑ በድምፅ የወሰኑትን ሕገ መንግሥት አይፈቅድም ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል። እዚህ የሕገ መንግሥት ትርጉም የመጨረሻ ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እሱም የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ስብስብ ነው። አምስት ዳኞች አገር ይወስናሉ ብለን አንሰጋም። ብቻውን የቆመ ሰው ምን ተስፋ አለው የሚለው ግን፣ ጉዳዩ መሬት ይሁን እስር ወይም ሃይማኖት፣ ሊያሳስበን ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን ሲዘጋ፣ «እንኳን ካህናቱን አልነኩብን» ነበር ያለው። ልክ ነው፤ ግን አንድ ቃል ልጨምርለት። ካህናቱን ከአስገዳጅ ትእዛዝ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ማሻሻያና ለዚያ ባል አንዲት መስመር ያስጻፈለት 14ኛው ማሻሻያ የአንድ ሕገ መንግሥት ሁለት ገጾች ናቸው። አንዱ ገጽ ሲቀደድ ሌላው ይተርፋል ብሎ የሚተማመን ካለ፣ እሱ ዋስትናውን ከየት እንደሚያገኝ እኔ አላውቅም።