የሊዝ ዘመን ሲያልቅ ቤቱ የማን ነው?

ስለ ሊዝ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን መግቢያው በር ላይ ይቀራል። የጨረታው ዋጋ ናረ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከበደ፣ ካርታው ዘገየ እንላለን። የመውጫው በር ነገር ግን እምብዛም አይነሣም። የውሉ ዘመን ባበቃ ዕለት በቦታው ላይ የቆመው ቤትና በውስጡ ያለው ቤተሰብ ምን ይሆናሉ?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ገባ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆችም ተተካ። የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጠ። እድሳትን በሚመለከት ግን የተናገረው በ«ይችላል» ቋንቋ ነው፦ ዘመኑ ሊታደስ የሚችለው በጊዜው በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋና በሌሎች መስፈርቶች ነው። የቦታው አገልግሎት ተለውጦ መሬቱ ለሌላ ልማት ከተፈለገ ውሉ አይታደስም፤ ለባለ ሊዙም ካሳ አይከፈለውም።

ይህ በየጁቤ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ባለችው በዚህች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ አንድ መምህር በ2004 ዓ.ም. ቦታ በሊዝ ወስዶ ቤት ሠራ እንበል። ውሉ በ2103 ዓ.ም. ያበቃል። በአዋጁ መሠረት የእድሳት ጥያቄው መቅረብ ያለበት ከማብቂያው 10 ዓመት እስከ 2 ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ይኸውም ከ2093 እስከ 2101 ዓ.ም. ባለው ጊዜ። ጠያቂው የልጅ ልጁ ወይም ከዚያ በታች ያለው ትውልድ ይሆናል። አዋጁ አንድ መልካም ነገር አለው፤ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል። ግን ይህን ቀን የሚያስታውሰው ማነው? መዝገቡስ እስከዚያ ይኖራል?

አንድ ሌላ ጉድለት አለ። በ97ኛው ዓመት በዚያ ቤት ላይ መንገድ ቢያልፍ ለንብረቱ ካሳ ይከፈላል። በ99ኛው ዓመት እድሳቱ ቢከለከል ግን ያው ቤት፣ በዚያው መሬት ላይ፣ ምንም አያወጣም። ቤቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

ከከተማዋ ዳር ያለውን ገበሬም እናንሣ። በገጠር መሬት ሕግ የገበሬው የመጠቀም መብት የጊዜ ገደብ የለውም። ከተማው ሲሰፋና መሬቱ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ ግን በዚያው አፈር ላይ የሚሰጠው አዲስ ውል ማብቂያ ያለው ነው። አባት ያለ ገደብ ባረሰው ላይ ልጅ በገደብ ይኖራል።

የምሥራቅ ጎጃም ሰው በዚህ ጉዳይ የቆየ ትዝታ አለው። በ1960 ዓ.ም. ብቸናና ሞጣ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሡት ከግብሩ ገንዘብ ይልቅ የመሬቱ መለካት ርስታችንን ያሳጣናል ብለው በመስጋት ጭምር ነበር። ዘሩን እየቆጠረ ርስት ሲጠይቅ ለኖረ ሕዝብ 99 ዓመት ዘላለም አይደለም።

«ለሩቁ ዘመን ዛሬ መጨነቅ ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ። ውሉ የሚፈረመው ዛሬ ስለሆነ ነው መልሱ። ሌላው ወገን ደግሞ መሬቱ የሕዝብ ነው፣ ዋጋው ሲጨምር ሕዝብም መጠቀም አለበት ይላል። እውነት ነው፤ የመሬቱ ዋጋ የጨመረው በመንገዱና በውኃው ነውና ሕዝብ ድርሻውን ይውሰድ። ቤቱ ግን የነዋሪው ላብ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ስጋቱ ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል። በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሲንጋፖር ጌይላንግ ሰፈር የ60 ዓመት ሊዛቸው ያበቃ 191 ቤቶች ያለ ካሳ ወደ መንግሥት ተመለሱ። መሬት የግል ባልሆነባት ቻይና ደግሞ የ2007 እ.ኤ.አ. የንብረት ሕግ የመኖሪያ ቤት መሬት ዘመን ሲያልቅ በራሱ እንዲታደስ ደነገገ። በእንግሊዝ የ1993 እ.ኤ.አ. ሕግ የአፓርትመንት ባለ ሊዝ 90 ዓመት የማስጨመር መብት ሰጠው፤ በዋጋ ካልተስማሙም የሚወስን ዳኛ አለ። አንድ ሕንፃ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በአንድ የመሬት ውል ለሚኖሩባቸው የአዲስ አበባ አፓርትመንቶች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ አንዱ ጎረቤት ስለዘገየ ሌላው ቤቱን ማጣት የለበትም።

በእኔ እምነት ሕጋችን ሦስት ነገሮችን በግልጽ ሊጽፍ ይገባል። የመኖሪያ ቤት ሊዝ እድሳት መብት ይሁን እንጂ ችሮታ አይሁን። የእድሳቱ ዋጋ ጣሪያ ይኑረው፤ በዋጋው የሚከራከርም ፍርድ ቤት ይድረስ። መሬቱ ለሌላ ልማት ከተፈለገም ለቤቱ ሙሉ ካሳ ይከፈል። ይህን ለመጻፍ መሬትን ወደ ግል ማዛወር አያስፈልግም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ጥላ ሥር የሚደረግ ነው። ዛሬ ያልጻፍነውን ግን በ2103 ዓ.ም. የየጁቤው መምህር የልጅ ልጅ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይለምነዋል።